እናትን በስም መጥራት

እንግዲህ ስሙኝ። ይህ የአንዲት ሴት ስም የተፈለገበት ታሪክ ነው። ሴትዮዋ የአባቴ አያት ናቸው፤ አገራቸው ጎጃም። መልካቸውን ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ ፎቶግራፍም ተነሥተው አያውቁም። የተዉት ነገር ቢኖር ሁለት ልጆች፣ በቆዳ የተሰፋ አንድ ክታብ፣ በየቦታው ተበታትኖ የቀረ ስምም ነው።

ስማቸውን ሲፈልጉ የኖሩት ልጃቸው ነበሩ፤ የአያቴ ታናሽ እኅት፣ ቆብ ከደፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው እማሆይ። ዕድሜያቸው ዘጠናን ተሻግሯል ይባል ነበር። አገር ቤት ገብቼ ከደጃፋቸው ተቀምጬ ሳለ «ሰባት ቤት መቁጠር ትችላለህ?» አሉኝ። ጋብቻ ሲታሰብ ሥጋ ከሥጋ እንዳይገናኝ የሚቆጠረውን ማለታቸው ነው። እኔም አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን እያልሁ እስከ ምንዥላቴና ከዚያም ወዲያ እንደ ዳዊት አነበነብሁላቸው።

«ጎሽ» አሉኝ። «ወንዶቹን አወቅሃቸው። እናቴንስ ማን ትላታለህ?»

ዝም አልሁ።

«አንተማ ከየት አምጥተህ ታውቃለህ፤ እኔ ልጇም አላውቀው» አሉና ነገሩን አወጉኝ። እናታቸው የሞቱት እማሆይ ጡት ሳይጥሉ ነው። ያሳደጓቸው የአባታቸው እናት ናቸው። እሳቸውም ሟቿን የሚጠሩት ራሳቸው ባወጡላቸው ስም ነበር፤ ሙሽራ ሆነው የገቡ ዕለት አማት ለምራቷ የምታወጣውን ስም። ሌላ ስም በዚያ ቤት አልተነሣም። «በየዓመቱ ጧፉንና ዕጣኑን ይዤ እሄዳለሁ። ቄሱ የክርስትና ስሟን ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ሰው በአማቱ ስም አይፈታ። አባቴን ያስፈታሁት በስሙ ነው፤ ወንድሜንም በስሙ። እናቴ ብቻ ስም የላትም፤ ልጄ።»

ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ፍለጋው የተጀመረው በዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ይዞ አይሄድም። እናትና አባት የሚያወጡለት የዓለም ስም አለው። በ40 ቀን ወይም በ80 ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚያገኘው የክርስትና ስም አለው። ወንዱ ጀግና ከሆነ የፈረስ ስም ይጨመርለታል፤ ሴቷ ስታገባ አማቷ የምታወጣላት አለ። ግብር ተቀባይ የሚጽፈው አንዱን ነው፣ ቄስ የሚያውቀው ሌላውን፣ ጎረቤት የሚጠራው ሦስተኛውን። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ሦስት ሰው አገኘሁ ሲል አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነው። አባት አያትን ይስባል፣ አያትም ቅድመ አያትን። እናት ግን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ቀለበት የላትም።

የመንግሥት መዝገብም አይረዳም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ፣ በቁጥር 3361፣ መዝገቡ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣለት ድረስ እንዲቆይ ተደረገ። ቆይታው ረዘመ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ሕዝብ፣ ከተሜውን ትተን፣ የልደቱ መዝገብ የእናቱ አፍ ነበር። እናቱ ከሞተች ደግሞ እንደ እማሆይ ይሆናል።

እንግዲህ የቤታችንን ወረቀት ወደ መፈለጉ እንምጣ። የአያቴ የእንጨት ሳጥን ከአጎቴ ቤት ነበር። ስንከፍተው ከላይ ያገኘነው የግብር ደረሰኝ ነው፣ በክር የታሰረ ወፍራም ጥቅል። በኛ ቤት ደረሰኞች ላይ የተጻፈው ግብሩን የከፈለው ሰው ስም አይደለም፤ የአቅኚው አባት ስም ነው፣ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው የሚባለው። ለኔ ጉዳይ አልጠቀመኝም። ከሥሩ በጣሊያን ዘመን ለአንድ ዘመዳችን የተሰጠ የይለፍ ወረቀት ነበር። የዓመቱ ቦታ 15 ይላል፣ በሮማውያን ቁጥር። እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ አትደናገሩ። ፋሺስቶቹ ዓመት የሚቆጥሩት ሮምን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው ነው፤ 15ኛው ዓመት የኛን 1929 ዓ.ም. አብዛኛውን ይሸፍናል። ፎቶግራፎችም ነበሩ፤ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ገብተው የተነሡ ወንዶች፣ ካባና ባርኔጣ ለብሰው። ሴት የለችም።

ከሁሉ በታች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ቴምብር የተለጠፈበትና ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት የፍርድ ግልባጭ ተገኘ። ከነጻነት በኋላ አያቴ በርስት የተሟገተበት ነው። እዚህ ላይ እንቆይ፤ የነገሩ ልብ እዚህ አለ።

ርስት በጎጃም እንዲህ ነበር። መሬቱ የአቅኚው አባት ዘር ሁሉ ነው። ከዚያ አባት መወለዱን የሚያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል፤ በወንድ ቢቆጥር በሴት ቢቆጥር ልዩነት የለውም። ስለዚህ ተሟጋቹ ዳኛ ፊት ቆሞ አጥንት ይቆጥራል። በአባቱ በኩል መሬቱ ከጠበበው በእናቱ ይሄዳል፤ በእናቱ አባት፣ በእናቱ እናት፣ የሚያዋጣውን መንገድ ይመርጣል። ባላጋራውም ያችን ሴት አልወለደም፣ ያችኛይቱ መካን ነበረች እያለ ይከራከራል። ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ፤ ጸሐፊው ይጽፋል። አያቴም የተሟገተው በእናቱ ወገን ኖሯል። ግልባጩ ላይ እሱ የእገሊት ልጅ፣ እገሊት የእገሊት ልጅ፣ ያችኛዋ የእገሌ ልጅ እየተባለ እስከ አቅኚው ድረስ ተቆጥሯል። ስሞቹን ለቤተሰቡ ልተዋቸው። ለናንተ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ የቅድመ አያቴ የዓለም ስም ከነእናታቸው ስም፣ በዳኛ ፊት ተመስክሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት ከሳጥኑ ሥር ተኝቶ ኖሯል።

ለምን ተጻፈ? ቅድመ አያቴን ለማስታወስ ብሎ አይደለም። መሬት በሳቸው በኩል ስላለፈ ነው። ጥቅም ባለበት ሴቲቱ ትቆጠራለች። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ጭሰኛን ከባለርስት ያላቀቀ ትልቅ ቀን ነው፤ አንድም ቃል አልነሣበትም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቅድመ አያቱን በሴት በኩል ቆጥሮ የሚያገኘው ጥቅም ያለው ሰው የለም። ሽማግሌው የሚሟገትበት ስላጣ ቆጠራውን ለልጁ ማስተማር ተወ። ወረቀቱም ዋጋ አጣ። ብዙ ቤት ባለርስት ነበራችሁ እንዳይባል አቃጥሎታል፤ ብዙ ቤት በርበሬ ጠቅልሎበታል። ዛሬ ሰባት ቤት ቁጠር ስንባል ወንድ ብቻ የምንቆጥር ትውልድ የሆንነው፣ ይመስለኛል፣ በጭካኔም በንቀትም ሳይሆን በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ስሙን ለእማሆይ ይዤ ሄድሁ። ደስ አላቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቀጥለው ግን «የዓለም ስሟ ነው» አሉ። «ቄሱ ይሄንንም አይቀበሉኝ።»

እውነታቸውን ነው። ግልባጩ የክርስትና ስም አልያዘም፤ ዳኛ ምን ሊያደርግለት። የቀረው ቤተ ክርስቲያን ነበር።

የኛ አብያተ ክርስቲያናት የክርስትና መዝገብ በዚያ ዘመን አልያዙም፤ የያዙት ሌላ ነገር አለ። መጽሐፍ ያስጻፈ፣ መሬት የሰጠ፣ ጃንጥላ ያገባ ምእመን ስሙ በወንጌሉ ወይም በተአምረ ማርያሙ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፋል። ንጉሡ ማን እንደ ነበረ፣ ጳጳሱ ማን እንደ ነበረ፣ የየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደ ነበረ ይጠቀሳል። በመጨረሻም የሰረቀውንና የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛል። ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው። ለቤተሰብም እንደዚያው ነው፤ ስንቱ ግን አገላብጦ አይቷል?

ወደ ደብራችን ሄድሁ፤ ቄሰ ገበዙ ጉዳዩን ሲሰሙ አላመነቱም። እማሆይን ከልጅነታቸው ጀምረው ያውቋቸዋል። መጻሕፍቱን ከዕቃ ቤት በየተራ እያወጡ፣ መሪጌታው እያነበቡ፣ እኔ በደጀ ሰላሙ ተቀምጬ እየሰማሁ ቆየን። ከአንድ ተአምረ ማርያም መጨረሻ ቅጠል ላይ የቅድመ አያቴ ባል ስም ወጣ። ከስሙ ፊት የሚስቲቱ የክርስትና ስም አለ፤ በኋላው የአንድ ሕፃን ልጅ የክርስትና ስም። ሴትዮዋ ይህን መጽሐፍ በስለት ያገቡት ልጃቸው ዓመት ስለ ሞላላቸው ነው ይላል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ፣ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ።

«እንግዲህ ተገኘ» አሉ ቄሰ ገበዙ።

መሪጌታው ግን ቸኩለው አልተናገሩም። «ሰውየው ከሷ በፊት ሌላ ሚስት አልነበረችውም?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ቢኖራቸውስ? ሕፃኑ አያቴ ባይሆንስ? የሌላ ሴት ስም ለእማሆይ ወስጄ እናትዎ ናቸው ማለት እንዴት ይሆናል? የሕፃኑ የክርስትና ስም የአያቴ ነው፤ እሱን ከፍትሐቱ እናውቀዋለን። ነገር ግን በሞተ ልጅ ስም ቀጥሎ የተወለደውን ማስነሣት ያለ ነው። ስለዚህ ዓመቱ መታወቅ ነበረበት።

መሪጌታው በጣታቸው መሬት ላይ ጻፉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና ለ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ካልተረፈ ዮሐንስ። ዘውዲቱ የነገሡት በመስከረም 1909 ነው፣ ያረፉት በመጋቢት 1922። በዚህ መካከል ሉቃስ የሚውለው በ1911፣ በ1915 እና በ1919 ብቻ ነው። አቡነ ማቴዎስ በኅዳር 1919 አርፈዋል፤ ከዚያ ዓመት ሦስት ወር እንኳ አልሞሉም። ሕፃኑ ዓመት የሞላው በ1911 ከሆነ ጣሊያን ጎጃም በገባበት በ1928 ዕድሜው 18 ነው፤ በ1915 ከሆነ 14፣ በ1919 ከሆነ 10። አያቴ ጣሊያን እንደ ገባ የገዛ ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞች ጋር ዱር የገባ ሰው ነው፤ ይህን አገር ያውቃል። የ14 ዓመት ልጅ ስንቅ ይሸከማል፣ ጠመንጃ አይታመንም። በ1911 ረጋን።

ይህም ቢሆን አንድ ክር ይቀረዋል። ልጁ አያቴ ከሆነ እናቲቱም ያው እናቱ ናቸው። የእማሆይስ እናት? ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን የሚነግረን የቤት ወሬ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ለእማሆይ ሳወራላቸው የክርስትና ስሙን አልነገርኋቸውም። አስቀድሜ ከእናታቸው በእጃቸው የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ተነሥተው ከመደባቸው ራስጌ አንድ ነገር አወጡ፤ በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ ጠርዙ በአንገት ወዝ የጠቆረ። «የእናትሽ ነው ብለው በሕፃንነቴ አንገቴ ላይ ያሰሩልኝ ነው። ቆብ ስደፋ ፈታሁት። መጣሉን ግን አልቻልሁም።»

ተከፍቶ ያውቃል ወይ አልኋቸው። ክታብ እንደማይከፈት እንደ ሕፃን አስረዱኝ። እኔም ምን ሊኖርበት እንደሚችል ነገርኋቸው። እንዲህ ያለ የብራና ጥቅል ሲጻፍ ጸሎቱ መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ እገሊትን ጠብቃት፣ እገሊትን አድናት እየተባለ። ብዙዎቹ የተጻፉት ለሴቶች ነው። ሾተላይ ያለባት፣ ልጅ የማይቆምላት ሴት ጸሎተ ሱስንዮስን ታስጽፋለች፤ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዝልያን ቅዱሱ እንዳሸነፋት የሚተርከውን። ቤተ ክርስቲያን በክታብ ነገር ያላት አስተያየት የታወቀ ነው፤ ስለዚያ የምከራከር አይደለሁም። እኔ የምለው፣ ያች ሴት ልጅ እየቀበረች የምትችለውን ሁሉ ማድረጓን ይህ ቆዳ ይመሰክራል።

እማሆይ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ መርፌ አምጣ አሉኝና ስፌቱን ራሳቸው ፈቱት። እኔ አልነካሁትም።

ብራናውን መሪጌታው ዘረጉት። ጸሎቱ ያልሁት ነው። ስሙ በተደጋጋሚ ይመጣል፤ በየመጣበት ደግሞ ቀለሙ ከሌላው ጽሑፍ ይለያል። መሪጌታው ስሙን ጮክ ብለው አነበቡት። ከተአምረ ማርያሙ ላይ የተገኘው ስም ነው፤ አንድም ፊደል አይለይም። እማሆይ ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉትን ስም ከሕፃንነታቸው ጀምረው፣ መጀመሪያ በአንገታቸው በኋላም በራስጌያቸው፣ ይዘውት ኖረዋል።

«ድገሙልኝ» አሉ። መሪጌታው ደገሙላቸው።

በዚያው ዓመት የሙት ዓመታቸው መታሰቢያ ሲደርስ የቅድመ አያቴ ስም በቤተ መቅደሱ ተጠራ። እማሆይ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆዩም፤ እሳቸውም ዐርፈዋል፤ በክርስትና ስማቸው ተፈትተዋል።

ብራናው ግን ሌላ ነገርም ነበረበት። የስሙ ቦታ ሁሉ የተፋቀ ነው። ቅድመ አያቴ ክታቡን አላስጻፉትም፤ ወርሰውታል። የፊተኛዋ ባለቤት ስም ተፍቆ የሳቸው ተተክቶበታል፤ ክታብ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የተለመደ ነው። ብራናውን በአግድም ብርሃን ስታዩት ከሥሩ «ወለተ» የሚለው ይነበባል፤ የሚከተለው አይነበብም። የፍርድ ግልባጩ የቅድመ አያቴን እናት የዓለም ስም ሰጥቶናል። የክርስትና ስማቸው በዚያ ፍቅ ሥር ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልተለየም። ከብራና ላይ የተፋቀን ቀለም በልዩ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሥቶ ማንበብ ስለሚቻል፣ ብራናውን በጥንቃቄ አስቀምጠነዋል።

እናንተም ፍለጋ ከወጣችሁ ቦታው ብዙ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግ በየዳሩ የተጻፈውን የሰውና የመሬት ማስታወሻ ሳይቀር ይጠቅሳል። ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ፤ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ልጅ የአያቱን ደብር መጽሐፍ ተቀምጦ ሊያነብ ይችላል። ሐረር የሆነ ሰው ደግሞ በአሚሮቹ ዘመን የመሬት ሽያጭና የውርስ ጉዳይ በዐረብኛ ይመዘገብ እንደ ነበር ይወቅ። ለዲኤንኤ ምርመራ ምራቃችሁን ልካችሁ ከየት አካባቢ እንደመጣችሁ ቢነግሯችሁም ደግ፤ የሴት አያታችሁን ስም ግን አይነግራችሁም።

ወረቀት ካገኛችሁ በፕላስተር አትለጥፉት፣ ፕላስቲክም አታስለብሱት፤ ፎቶ አንሡትና በጨርቅ መልሱት። ክታብ ካገኛችሁ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ ስፌቱን አትንኩ። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ሰው ሂዱ። የእናታችሁን እናት፣ የሷንም እናት የሚያውቅ አንድ ሰው በሕይወት ካለ በመጪው ሰንበት ጠይቁት፤ የዓለም ስማቸውን ብቻ ሳይሆን የክርስትና ስማቸውንም፣ አማታቸው ያወጡላቸውንም። ጽፋችሁም ለልጆቻችሁ ስጡ።